እጅ የምንነሳው ለማን ነው?



ከሰሞኑ በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ክርክር ተነስቷል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቴኳንዶ ከሚሠለጥኑት ልጆች መካከል ጥቂቶቹ፣ ሥልጠናው ሲጀመርና ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳቱን አንፈልግም አሉ። የአንዳንዶቹ ምክንያት ሃይማኖት ነው፤ «ለፈጣሪ ካልሆነ ለማንም አንጎነበስም» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እኛ የመጣነው ርግጫ ልንማር ነው፤ ጎንበስ ቀና ማለት ምን ይጠቅመናል?» ባዮች ናቸው። በሌላ ወገን የቆሙት፣ በተለይም ቀበቷቸው ከፍ ያለው፣ «ሥርዓት የማያከብር ይውጣ!» የሚል ፍርድ ሰጥተዋል። ወላጆችም ገቡበት። ከሁለቱም ወገን ሥልጠናውን ያቆሙ ልጆች አሉ።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በበኩሌ ግን ትንሽ ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። እዚህ የተሰበሰብነው ከተለያየ አገርና ቀበሌ የመጣን፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የምንለያይ፣ አንዳንዶቻችንም ቂም ይዘን የተሰደድን ሰዎች ነን። ብዙው ወጣት ከጉልበቱ በቀር የኔ የሚለው ንብረት የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው መምታት ስናስተምር፣ አብሮ ማንን ማክበር እንዳለበት ካላስተማርን ነገ የምናጭደው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አሳቤን አስቀድሜ ልናገር። እጅ መንሳቱ መቅረት የለበትም። ነገር ግን የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች አንድ ነገር ስተዋል፤ ሁለቱም እጅ የሚነሳው ለአሠልጣኙ ነው ብለው ነው የተጣሉት። የለም፤ እጅ የሚነሳው በመጀመሪያ ፊት ለፊታችን ለቆመው፣ ገላውን በአደራ ለሰጠን ጓደኛችን ነው። ይህን ከተረዳን የቀረው ክርክር ይቀልላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።)

የአደራ ውል

ለመሆኑ ይህ ሥርዓት ከምን የመጣ ነው? የጁዶን ታሪክ ብንመለከት ጥሩ መልስ እናገኛለን። ጂጎሮ ካኖ የተባለ ጃፓናዊ በ1882 በቶኪዮ ከተማ፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ምንጣፍ በምታስነጥፍ ክፍል ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዞ ማስተማር ጀመረ። እኛ ከምንሠለጥንበት ግቢ የሚበልጥ ቦታ አልነበረውም ማለት ነው። ካኖ የጦር ሰው አልነበረም፤ በሙያው አስተማሪ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረውን የትግል ጥበብ መርምሮ፣ ለልምምድ አደገኛ የሆነውን ለይቶ፣ ወጣት የሚታነጽበት ትምህርት አደረገው። ካወረሳቸው ሁለት ታላላቅ መመሪያዎች አንዱ፣ ሰው ለራሱ የሚጠቀመው ሌላውንም ሲጠቅም ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው።

ይህ መመሪያ ባዶ ስብከት እንዳይመስላችሁ፤ ከሥራው ጠባይ የተገኘ ነው። ጁዶ ለብቻ አይለመድም። አንዱ መጣል እንዲማር ሌላው ሊወድቅለት ይገባል። ዛሬ የወደቀልህ ልጅ ነገ ይጥልሃል፤ አንተም ትወድቅለታለህ። ክንድህን ጠምዝዞ ወይም አንገትህን ይዞ ሲያጠብቅብህ፣ «በቃኝ» ለማለት በእጅህ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለህ። ያን ጊዜ ወዲያውኑ ይለቅቅሃል። ባይለቅቅህስ? ክንድ ይሰበራል፤ የታነቀ ሰው ራሱን ይስታል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያች ቅጽበት አካልህን ከጉዳት የሚያድነው ጉልበትህ አይደለም፤ ቀበቶህም አይደለም። የያዘህ ልጅ ጨዋነት ብቻ ነው።

በአገራችን ባህል አደራ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎረቤቱ ያስቀመጠበትን ገንዘብ የበላ ሰው በሰፈር ስሙ ይነሳል፤ ከሌባም የባሰ ይቆጠራል። የልምምድ ጓደኛህ በአደራ የሚሰጥህ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ጉልበቱን፣ አንገቱን ነው። ከልምምድ በፊት እጅ ስትነሳው «አደራህን ተቀብያለሁ» ማለትህ ነው። ከልምምድ በኋላ እጅ ስትነሳው ደግሞ «አደራህን እንዳለ መልሻለሁ፤ ስለረዳኸኝም አመሰግናለሁ» ማለትህ ነው። ጎንበስ ማለቱ የዚህ ውል ፊርማ ነው።

የቀሩትም ደንቦች በዚሁ ሚዛን ቢታዩ ትርጉማቸው ግልጽ ይሆናል። ጥፍርህን ቁረጥ የሚባለው ለውበት አይደለም፤ የጓደኛህን ፊት እንዳትቧጭር ነው። ቀለበትና ሐብል አውልቅ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ልብስህን እጠብ የሚባለው አሠልጣኙ ስለሚጸየፍህ አይደለም፤ አብሮህ የሚታገለው ልጅ አፍንጫ ስላለው ነው። ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት ቦታ ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በትንሽ ውኃ የታጠበች አሮጌ ሸሚዝ ከአዲስና ካልታጠበ ዩኒፎርም ትበልጣለች። «ቁም!» ሲባል ወዲያው መቆምም እንዲሁ ነው። ከትእዛዝ በኋላ የምትወረወር አንዲት ቡጢ፣ ተጋጣሚ እጁን ባወረደበት ሰዓት ስለምታገኘው፣ ከሌላው ሁሉ የከፋ ጉዳት ታደርሳለች።

ወደ ቴኳንዶ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም በኮሪያ የወጣው በ1955 ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደዚያች አገር ዘምተው እንደነበር ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ትምህርት ተማሪው በቃሉ የሚይዛቸው አምስት መመሪያዎች አሉ፤ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ ናቸው። አንደኛው ጨዋነት መሆኑን አስተውሉ። ከአምስቱ መካከል ርግጫ የሚል የለም። ርግጫ አህያም ታውቅበታለች።

በዚሁ ሥርዓት እጅ ሲነሳ ወገብ በጥቂቱ፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይላል፤ ዓይን ግን ከተጋጣሚው ዓይን አይነቀልም። በየቪዲዮ ቤቱ የብሩስ ሊን ፊልም ያየ ሁሉ አንድ ቦታ ያስታውሳል። በ1973 በወጣው «ኤንተር ዘ ድራገን» ውስጥ ብሩስ ሊ የሚያስተምረው ልጅ እጅ ሲነሳ መሬት መሬት በማየቱ ጭንቅላቱን ይመታዋል። እንግዲህ ይህ የባሪያ አጎነባበስ አይደለም። ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚሰጣጡት የእኩዮች ሰላምታ ነው።

የኛስ ባህል ምን ይላል?

«ይህ ሁሉ የሩቅ ምሥራቅ ወግ ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ ጉልበት ያለ ሥርዓት ጨዋታ እንደማይሆን የኛም ሰዎች ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። በገና ጨዋታ ባላባቱና ገበሬው በአንድ ሜዳ ላይ ይገፋፋሉ፤ በዚያች ዕለት ጌታ እንኳ ቢመታ አይቆጣም ይባላል። ይህ ማለት የተመታው ሰው ክብሩን ጥሏል ማለት አይደለም፤ በሜዳው ላይ ሁሉም ለአንድ ደንብ ተገዝቷል ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የሱሪ ብሔረሰብ ወጣቶች ዶንጋ በሚባለው ረጅም ዱላ ሲጋጠሙ ደም ይፈስሳል፤ ነገር ግን ዳኛ አለ፤ ተጋጣሚን መግደልም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የአስተናጋጆቻችንን የሶማሌዎችን ባህል ብንጠይቅም ከዚህ የበለጠ እንማራለን። እነርሱም ሌግዳን የሚሉት የትግል ጨዋታ አላቸው። ከዚያ በላይ ግን «ቢሪ ማ ጌይዶ» የሚባል የጥንት የጦርነት ደንብ አላቸው፤ ብረት የማይነካቸው ማለት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ጎሣ ከጎሣ ሲዋጋ እንኳ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ በሽተኞች፣ የሃይማኖት ሰዎች፣ ለእርቅ የተላኩ መልእክተኞችና እንግዶች አይነኩም። እንግዳ የሚለውን ቃል ደግማችሁ አንብቡት። እኛ ዛሬ በሐርጌሳ ያለነው በዚያ ቃል ጥላ ሥር ነን።

ስለዚህ ማክበር ከምሥራቅ የገባ ዕቃ አይደለም። ጃፓናዊው፣ ኮሪያዊው፣ አበሻውና ሶማሌው የተስማሙበት አንድ እውነት ነው፤ መምታት የሚችል ሰው ማንን እንደማይመታ ካላወቀ፣ ኃይሉ ከያዘው በሽታ አይለይም።

እጅ መንሳትና ስግደት

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ጥያቄ ልምጣ። በዚህ ነገር የሚያላግጡትን ልጆች አልደግፍም። የእስልምና ተከታይ የሆነ ተማሪ ሩኩዕና ሱጁድ የአምላክ ብቻ ነው ብሎ ሲያምን፣ ለሰው ጎንበስ ማለት ቢከብደው አያስደንቅም። ብዙ የሃይማኖት አዋቂዎችም ለሰላምታ ብሎ መጎንበስን አይወዱትም። የኦርቶዶክስ ልጆች ደግሞ የአምልኮ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ለይተው ስለተማሩ ለአክብሮት ጎንበስ ማለት ላይከብዳቸው ይችላል። ታዲያ ያልከበደው የከበደውን «ባለጌ» ብሎ መስደቡ ራሱ ባለጌነት አይደለምን?

አማርኛችን ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል አለው። ስግደት ሌላ ነው፤ እጅ መንሳት ሌላ ነው። እጅ መንሳት ለሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ የእግዜር ነው እንላለን፤ የተጣላን ሰዎች እንኳ አንነፋፈገውም። ዋናው ነገር ሰላምታው መሰጠቱ እንጂ የወገቡ ዲግሪ አይደለም። ጎንበስ ማለት ኅሊናውን የሚያስጨንቀው ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የተጋጣሚውን ዓይን አይቶ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ምን ይጎድላል? ይህ ሰላምታ በኢትዮጵያም በሶማሌም ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑም ሲያመሰግን ያደርገዋል። በአንጻሩ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ፣ ቀና ሲል ግን ትንሹን ልጅ በእልህ የሚደበድብ አለ። የዚህኛው ከአንገት በላይ የሆነ ሰላምታ ነው። ውሉን ፈርሞ አደራውን የበላ ማለት እርሱ ነው።

ነገር ግን «ምንም ሰላምታ አልሰጥም፤ ዝም ብዬ እገባለሁ» የሚለውን ልጅ አልቀበለውም። ሃይማኖቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሰላም ሳይለው ሰውን መምታት የሚያዝዝ ሃይማኖት አላውቅም።

በዚሁ አንጻር ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ፀጉሯን ተሸፍና የምትሠለጥን ልጅ፣ ወይም ከወንድ ጋር መያያዝ የማትፈልግ ልጅ፣ መሳቂያ ልትሆን አይገባትም። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የሳዑዲ ዓረቢያዋ ወጣት ዎጅዳን ሻሕርካኒ ከውይይት በኋላ በራስ መሸፈኛ ጁዶ እንድትወዳደር ተፈቅዶላታል፤ ውድድሯ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባይበልጥም፣ በኦሊምፒክ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ የአገሯ ሴት ሆናለች። ዓለም አቀፍ ውድድር ቦታ የሰጠውን የኛ ትንሽ ግቢ ሊነፍግ አይገባም። ሴቶች ከሴቶች ጋር ይጣመሩ፤ ሰላምታውና ትምህርቱ ግን ለሁሉም እኩል ይሁን።

የአሠልጣኝ ክብር እስከ ምን ድረስ ነው?

ወንበር የያዘ ሰው ይህን ክፍል ባይወደውም መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። እኛ አስተማሪን እጅግ የምናከብር ሕዝብ ነን። የቆሎ ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ይላል፤ የሶማሌው ልጅ በዱግሲ ማአሊኑን ያከብራል። ይህ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን አክብሮት ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ጭስ ሊሆን አይገባውም።

የራሳችንን ወግ ተመልከቱ። ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጥነው ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን። እርሱስ ምን ያደርጋል? «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠናል። ቆመን እንድንቀር አይፈልግም። ኖር ተብሎ በእግዜር የማይል ሽማግሌ፣ እርሱ ራሱ ነውረኛ ነው። በቴኳንዶም በጁዶም ተማሪው እጅ ሲነሳ አስተማሪው መልሶ እጅ የሚነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተመለሰ ሰላምታ ሰላምታ አይባልም፤ ግብር ነው።

በየሰፈሩ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ወጣት ሁሉ «ማስተር» መባል ይወዳል። በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በአይ.ቲ.ኤፍ. ሥርዓት፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ዳን ያለው ረዳት አስተማሪ፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያለው አስተማሪ ነው የሚባለው። ማስተር የሚባለው ሰባተኛና ስምንተኛ ዳን ሲደርስ ነው፤ ዘጠነኛው ታላቁ ማስተር ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ገና ብዙ የሚማረው ያለው ሰው፣ እርሱም ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ መንገድ ላይ እንዳለ እንዳይረሳ ነው።

አሠልጣኝ ተማሪውን በዱላ የሚገርፍ ከሆነ፣ ልብሱን የሚያሳጥበው ከሆነ፣ ከሌላቸው ልጆች ለራሱ ገንዘብ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ይህ ሥርዓት ማስከበር አይደለም። በተለይ ደግሞ አንድን ልጅ ለብቻው፣ ከሰው ዓይን ውጭ፣ በድብቅ ላሠልጥንህ ወይም ላሠልጥንሽ የሚል አሠልጣኝ ቢኖር፣ ለእርሱ መታዘዝ ግዴታ አይደለም። ወዲያውኑ ለወላጅ ወይም ለምታምኑት መምህር ንገሩ። ይህን መናገር አሠልጣኝን መናቅ አይደለም፤ ሥልጠናውን ማክበር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከሚያስተምሩን ሰዎች አንዱ ስደተኛ ነው። ፖፖሌ ሚሴንጋ የኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ጁዶኛ ነበር። በአገሩ ሳለ ውድድር ሲሸነፍ አሠልጣኞቹ ይቆልፉበትና ምግብ ያሳንሱበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ2013 ለዓለም ሻምፒዮና ሪዮ ደ ጃኔሮ በሄደበት ጊዜ ከባልደረባው ከዮላንዴ ማቢካ ጋር ከቡድኑ ተለይተው በዚያው ጥገኝነት ጠየቁ። በ2016 በዚያችው ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በተቋቋመው የስደተኞች ቡድን ተሰለፉ፤ ፖፖሌም የመጀመሪያ ግጥሚያውን አሸነፈ። አስተውሉ፤ ይህ ሰው ያሸነፈው በቁልፍ ሲቀጣ በነበረ ጊዜ ያልለቀቀውን ጁዶ፣ ሰው ሆኖ በተቆጠረበት ቦታ በመቀጠሉ ነው። በዚያው ቡድን ውስጥ በማራቶን የሮጠው ዮናስ ክንዴ ኢትዮጵያዊ መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

የአሸናፊ ጨዋነት

ማክበር የደካማ ሰው ጠባይ የሚመስላቸው አሉ። ለእነርሱ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ኦክቶበር 21 ቀን 1964 መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ የጁዶ የመጨረሻ ግጥሚያ ተደረገ። ጁዶ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በዚያ ዓመት ነበር። ጃፓኖች በራሳቸው ጨዋታ፣ በራሳቸው ሕዝብ ፊት፣ በክብደት ያልተገደበውን ውድድር እንደሚያሸንፉ ተስፋ አድርገዋል። ሆላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ ግን አኪዮ ካሚናጋን አሸነፈው። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ፣ ጊሲንክ ገና ከተሸናፊው ላይ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ከዚያ ተነስቶ ልብሱን አስተካከለና ለካሚናጋ እጅ ነሳ። ጃፓኖች ያን ዕለት ወርቁን አጡ፤ ነገር ግን ሰውየውን ወደዱት። የግጥሚያው ነጥብ ተረስቶ ያ የተዘረጋ እጅ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ጉልበተኛ ማለት ይህ ነው። መጣል የቻለ፣ ከዚያም የጣለውን ሰው ክብር የጠበቀ።

ከበሩ ውጭ

የእጅ መንሳት ፈተናው በግቢ ውስጥ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ ነው። ውኃ ቀጂዎች ወረፋ ላይ ሲጨቃጨቁ፣ በገበያ መንገድ ላይ አንዱ ልጅ ሲሳደብ፣ ያን ጊዜ የተማርከው ነገር ይታያል። የቴኳንዶ ተማሪ የተማረውን ያለ አግባብ ላለመጠቀም ቃል ይገባል። ቃል የገባ ሰው በወረፋ ላይ ባልዲ የያዘችን እናት ገፍቶ ቢያልፍ፣ ምንም ያህል ከፍ አድርጎ ቢራገጥ አልሠለጠነም።

እኛ ደግሞ እንግዶች ነን። የእንግዳ ጠብ ከባለቤት ጠብ ይለያል፤ አንዱ ልጅ ቢያጠፋ «ያ ልጅ» አይባልም፤ «እነዚያ ሰዎች» ነው የሚባለው። በሐርጌሳ መሐል ከተማ የቆመውን የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሁላችሁም አይታችሁታል። በ1988 ይህች ከተማ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች በቦምብ ስትደበደብ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ሐርቲሼክ የሚባለው ካምፕ በዚያን ጊዜ ተከፍቶ እስከ 2004 ቆየ። ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው የምታዩአቸው ብዙ አዛውንቶች ወረፋ ምን እንደሆነ፣ ድንኳን ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ስታልፉ «አዴር» ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ እናቶችንም «ኤዶ» በሏቸው። ይህም የሥልጠናው ክፍል ነው።

ከካምፕ ምን ይወጣል የሚል ካለ ደግሞ መልስ አለው። ያሕያ አል ጎታኒ የተባለው የሶርያ ተወላጅ ቴኳንዶ የተማረው በዮርዳኖስ በሚገኘው የአዝራቅ የስደተኞች ካምፕ ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ለስደተኞች ቡድን ተወዳደረ፤ በመክፈቻውም ዕለት ከቦክሰኛዋ ከሲንዲ ንጋምባ ጋር የቡድኑን ባንዲራ ያዘ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ፓራሊምፒክ አፍጋኒስታናዊቷ ዛኪያ ኹዳዳዲ በቴኳንዶ ነሐስ አግኝታ ለስደተኞች የፓራሊምፒክ ቡድን የመጀመሪያውን ሜዳልያ አስገኘች። ከአገራችንም ሰሎሞን ቱፋ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ተሰልፏል። ሁላችን ኦሊምፒክ እንደርሳለን ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቻችን አንደርስም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን የጀመሩት ፊት ለፊታቸው ለቆመ አንድ ተራ ልጅ ሰላምታ በመስጠት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለክርክሩ መፍትሔ ይሆናል የምለውን በአጭሩ ላቅርብ። አንደኛ፣ ሰላምታው ይቀጥል፤ ጎንበስ ማለት የከበደው እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ፤ ማንም በማንም አይሳቅ። ሁለተኛ፣ ከአሠልጣኙ በፊት ጥንድ ለጥንድ የሚሰጠው ሰላምታ ይቅደም፤ አሠልጣኙም ለተማሪዎቹ መልሶ እጅ ይንሳ። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ ቀበቶ የታጠቀ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ከጀማሪ ጋር ይጣመር፤ ጀማሪው ሳይጎዳ ቢወጣ ለታላቁ ልጅ እንደ ድል ይቆጠርለት። አራተኛ፣ በጥል ምክንያት በካምፑ ወይም በከተማ ሰው የመታ ሠልጣኝ፣ የመታውን ሰው በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከልምምድ ይከልከል። አምስተኛ፣ ሥልጠና ሁልጊዜ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን።

ሥልጠናውን ላቆማችሁት ልጆች፣ ከሁለቱም ወገን ላላችሁት፣ ተመለሱ እላለሁ። ቦታችሁ ባዶ ነው፤ ጥንድ ያጣ ልጅ ግድግዳ ሲራገጥ ይውላል። ግድግዳ ደግሞ አይወድቅለትም፤ አያስተምረውም፤ ሰላምታውንም አይመልስለትም።